የድሬዳዋ መማሪያ ክፍል ጣሪያ፦ ሦስት ክዳኖች በሚዛን

ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ኮርኒስ በሌለው ክፍል የሚማር ልጅ ራሱ ላይ ሌላ ፀሐይ አለበት፤ ቆርቆሮው። ግድግዳው ብሎኬትም ይሁን ድንጋይ፣ ቀለሙ ቢያምርም ባያምርም፣ የከሰዓት ፈረቃን የሚያስተምረው ወይም የሚያስተኛው ጣሪያው ነው። ይሁንና ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ለመሠረትና ለፌሮ ሲከራከር ይከርምና፣ ክዳኑ ጋ ሲደርስ ገንዘቡም ትዕግሥቱም አልቆ «ቀይ ይሁን አረንጓዴ?» ከሚለው ጥያቄ አያልፍም።

እዚህ የምንመዝናቸው በገበያው ለመማሪያ ክፍል የሚቀርቡትን ሦስት ዓይነት ክዳኖች ነው፤ ባለ ሞገዱን ተራ ቆርቆሮ፣ ቀለም የተቀባውን ባለ ጥርስ ቆርቆሮ (ኢጋ) እና በሁለት ስስ ቆርቆሮ መሀል ፎም የያዘውን ሳንድዊች ፓናል። መለኪያው በአገራችን የተለመደው 7 በ8 ሜትር ክፍል ነው፤ 56 ካሬ ሜትር፣ በአንደኛ ደረጃ 50 ተማሪ የሚመደብበት። ዋጋ በብር አልጻፍንም። ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ሳምንት አይቆይም፤ ይልቅ ዋጋን ማወዳደሪያ መንገዱን ከታች ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ የሕዝብ መገልገያ የሆኑትን ከፍ ባለው በሦስተኛው ምድብ ነው ያስቀመጣቸው፤ ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። ስለዚህ «ፎቅ የለውም፣ ቀላል ቤት ነው» ተብሎ ጣሪያው በአናጺ ዓይን ግምት አይለብስም። ክዳኑን የሚይዘው አጽም፣ የተሸካሚው ስሌት በባለሙያ ተሠርቶ ፕላኑ ላይ መታየት አለበት።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ጠራራ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1000 ዋት ይጥላል። 56 ካሬ ሜትር ክፍል ላይ 56 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ክዳን ከዚህ ሦስት አራተኛውን ቢመጥ 42 ኪሎ ዋት ይሆናል። አዲስ ነጭ ክዳን ሲሶውን ቢመጥ 19 ኪሎ ዋት ገደማ። ለንጽጽር ያህል፣ ተቀምጠው የሚማሩ 50 ልጆች ከሰውነታቸው የሚያወጡት ሙቀት ተደምሮ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ክዳኑ የመጠጠው ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይረጫል። የቀረው ግን ልክ እንደ ምጣድ ወደ ታች ያበራል። መስኮት ሁሉ ተከፍቶ፣ ቬንትሌተር እየዞረ፣ ልጆቹ ግን ግንባራቸው የሚያልባቸው ለዚህ ነው። አየሩን ማንቀሳቀስ ከላይ የሚያበራውን ሙቀት አያስቆመውም።

ለዚህ ነው የቀለም ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ነጭ፣ ክሬም ወይም ፈካ ያለ ግራጫ ይመረጣል። «ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ የድሬ አቧራ ማንንም አይምርም። ነገር ግን የቆሸሸ ነጭ ከንጹሕ ጥቁር አረንጓዴ ይሻላል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥርም ይታጠባል። ቀለም ያልተቀባ አዲስ የዚንክ ቆርቆሮ ስለሚያብረቀርቅ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ አይደለም። የሚያብረቀርቅ ብረት ብርሃኑን ቢመልስም፣ የያዘውን ሙቀት መልሶ ለመርጨት ሰነፍ ስለሆነ እየጋለ ይሄዳል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲደበዝዝ ደግሞ ያችንም ብርሃን የመመለስ ጥቅም ያጣል።

በ1895 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1902) የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ መልሱን ከመጀመሪያው ታውቀው ነበር። ከዚራ ሰፈር ሄዶ የባቡር ዘመን ቤቶችን ያየ ሰው ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ጥልቅ በረንዳና ጥላ የሚጥል ዛፍ ያገኛል። ሐረር ሌላ ናት። ከ1800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ችግሯ ግለት ሳይሆን የምሽት ብርድና የዝናብ ድምፅ ነው፤ የጀጎል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያም ለሁለቱም ይበጃል። ስለዚህ ስለ ቀለም የምንለው ለድሬ ነው፤ ስለ ውፍረት፣ ስለ ማሰርና ስለ ኮርኒስ የምንለው ግን ለሁለቱም ይሠራል።

ባለ ሞገዱ ተራ ቆርቆሮ

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የትም ይገኛል፣ ማንም አናጺ ይመታዋል፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይነሳል። ለአጥር፣ ለመጋዘን፣ ለዘበኛ ቤት እንከን አይወጣለትም። ለመማሪያ ክፍል ግን ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጠነው ለእሱ ነው።

አንደኛው ምክንያት መደራረቡ ነው። ተራው ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ባለ 2 ሜትር ነው። የኛ ክፍል አንዱ የጣሪያ ክንፍ፣ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን 90 ሳንቲም ክፈፍ ጨምሮ፣ በ25 በመቶ ዝንባሌ ወደ 4.65 ሜትር ይረዝማል። በየመደራረቢያው 15 ሳንቲም ሲጠፋ አንዱ ቆርቆሮ የሚሸፍነው 1.85 ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሦስት ረድፍ ይመታል። ሁለት መደራረቢያ ማለት ነፋስ የሚያነሳው ሁለት ጠርዝ፣ አቧራና ውሃ የሚገባበት ሁለት መስመር ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁጥሩ ሰው ማሳሳቱ ነው። ተራ ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ ነው፤ በጌጅ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል። «32 አለን፣ ከ28ቱ ይበልጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ እንደማታውቁ አውቋል። ለትምህርት ቤት ከ28 በላይ ቁጥር ያለው አይገዛ። ሳሳ ያለው ቆርቆሮ የቀለም ቀቢው ወይም የጥገና ሠራተኛው እግር ሲያርፍበት ይጎደጉዳል፤ በጎደጎደበት ውሃ ይተኛል፤ ውሃ በተኛበት ዚንኩ ቀድሞ ያልቃል።

ሦስተኛው ድምፁ ነው። ዶፍ ሲወርድ ኮርኒስ በሌለው ስስ ቆርቆሮ ሥር መምህሩ ቢጮህም ከሁለተኛው ዴስክ በኋላ ያለ አይሰማውም። ትምህርቱ በዝናቡ ልክ ይቋረጣል።

ኢጋ

ይህኛው ምርጫችን ነው፤ ግን በሁኔታ። ኢጋን የሚያስመርጠው በተፈለገው ርዝመት መቆረጡ ነው፤ ከጣሪያው አናት እስከ ክፈፉ አንድ ወጥ። ለኛ ክፍል 4.7 ሜትር እየተባለ ይታዘዛል። ሁለቱ ጫፍ ላይ ያለው ትርፍ ተጨምሮ የጣሪያው ርዝመት 9 ሜትር ከሆነና አንዱ ኢጋ ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው 80 ሳንቲም ከሆነ፣ በአንድ ክንፍ 12፣ በሁለቱ 24 ፍሬ ይገባል፤ በጠቅላላው 113 ሜትር ገደማ። የሚሸፍነው ስፋት ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ፍሬ አደራርባችሁ በሜትር ለኩት። ሙሉውን ስፋት ይዞ አስልቶ ሁለት ፍሬ የጎደለው ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዝዝ ቀለሙ አንድ አይሆንለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ውፍረቱ «ዜሮ አራት ነው» ሲባል ምኑ ነው አራት? ኢጋ ብረት፣ ዚንክና ቀለም የተደራረቡበት ነው። ሽፋኖቹ ብቻቸውን 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛሉ። ስለዚህ በውፍረት መለኪያ (ካሊፐር) 0.40 ያነበበ ቆርቆሮ ውስጡ ያለው ብረት 0.35 ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ አልዋሸም፣ ገዢውም አልተጠቀመም። ፕሮፎርማ ላይ «የብረቱ ውፍረት ያለ ሽፋን» ተብሎ ይጻፍ። የማይጽፍ መደብር ለምን እንደማይጽፍ መገመት አያቅትም።

ካሊፐር የሌለው ሰው ሚዛን አያጣም። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7850 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ ማለት 0.4 ሚሊ ሜትር ብረት በካሬ ሜትር 3.14 ኪሎ ነው። ክር ወስዳችሁ በኢጋው ጥርስና ጎድጓዳ ላይ ሳይዘል ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት፤ ክሩን ዘርጉና ለኩት። ይህ ከመታጠፉ በፊት የነበረው ስፋት ነው። አንድ ሜትር ከሆነ፣ ባለ 4.7 ሜትሩ ፍሬ 4.7 ካሬ ሜትር ብረት አለው። ብረቱ 0.4 ከሆነ ከነሽፋኑ ወደ 15.5 ኪሎ ይመጣል። 0.35 ከሆነ 13.6፣ 0.3 ከሆነ 11.8 ገደማ። ልዩነቱ በእጅ ማንሳት ብቻ የሚታወቅ አይደለም፤ የሽንኩርት ሚዛን ግን ወዲያው ያወጣዋል። ዋጋውንም እንዲሁ፣ በሜትር ሳይሆን የሁሉንም መደብር ዋጋ በኪሎ አካፍላችሁ አወዳድሩ። በሜትር ረክሶ የታየው ብዙ ጊዜ በኪሎ ተወዶ ይገኛል።

ሚዛኑ ደግሞ ናሙናው ላይ ሳይሆን ከአይሱዙው በሚወርደው ላይ ይዋል። ጠረጴዛ ላይ ያለችው ቁራጭ «አቦ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የሚማልባት ናት፤ ጣሪያ ላይ የምትወጣው ግን እሷ አይደለችም። ከተራገፈው ውስጥ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ሦስት ፍሬ መመዘን ይበቃል።

ስለ ሽፋኑም አንድ ሁለት ነገር። የዚንኩ መጠን በፊደልና በቁጥር ይጠራል፤ ዜድ 100 ሲባል በሁለቱም ገጽ ተደምሮ በካሬ ሜትር 100 ግራም ዚንክ አለው፣ ዜድ 275 ደግሞ 275 ግራም። አሉዚንክ የሚባለው 55 በመቶው አሉሚኒየም የሆነ ሽፋን ነው፤ ሙቀትንም ዝገትንም በተሻለ ይችላል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ግን ጠላቱ ነው። ልስኑ ክዳኑ ከተመታ በኋላ የሚሠራ ከሆነ የተረጨው ሳይደርቅ ይታጠብ።

በሥራ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ግራይንደር ነው። ሠራተኛው ለፍጥነት ሲል ኢጋውን በዲስክ ይቆርጣል። ዲስኩ የቁርጡን ዳር ዚንክና ቀለም ያቃጥላል፤ የሚበተነው የጋለ የብረት ብናኝ ደግሞ ሌላው ቀለም ላይ ተጣብቆ በመጀመሪያው ዝናብ የዝገት ነጠብጣብ ይሆናል። ሰው «ቆርቆሮው አንድ ዓመት ሳይሞላው ዛገ» ብሎ ፋብሪካውን ይረግማል። በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ፤ ከቆረጡም በኋላ ብናኙ በለስላሳ መጥረጊያ ይወልወል። ሌላው፣ እርጥብ ሆኖ ተደራርቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ በመሀሉ ነጭ ዝገት ያወጣል። ክረምት ላይ የሚገዛ ሰው ከመሬት አንስቶ፣ አንዱን ወገን ከፍ አድርጎ፣ አየር እንዲገባበት ያስቀምጠው።

ሳንድዊች ፓናል

ለሙቀት ከተባለ ይህን የሚያህል የለም። ባለ 5 ሳንቲም ፎም ብቻውን ቆርቆሮና ችፑድ ተደምረው ከሚሰጡት መከላከያ እጅግ ይበልጣል፤ የዝናቡንም ድምፅ ያለዝበዋል። ሥራው ፈጣን ነው፣ ኮርኒስም አያስፈልገውም። ለቢሮ፣ ለክሊኒክ፣ ለኮምፒውተር ክፍል ሲያዩት ያጓጓል።

ሆኖም 50 ልጅ ለሚቀመጥበት ክፍል ፎሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አንመክረውም። ነጩ፣ ፍሬ ፍሬ የሚመስለው ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ እሳት ሲያገኘው እየቀለጠ፣ እየነደደ ይንጠባጠባል። ቢጫው ፖሊዩሬታን አይንጠባጠብም፤ ሲቃጠል ግን ሳይናይድ ያለበት ጭስ ያወጣል። እሳቱ በሁለት ቆርቆሮ መሀል ተደብቆ ስለሚሄድ ከውጭ ውሃ ቢረጩትም አይደርስበትም። መነሻው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ ያለ መከላከያ ቱቦ (ኮንዲዩት) ፓናሉን በስቶ ያለፈ ሽቦ፣ ወይም ጣሪያው ላይ ብረት ለመጨመር የተደረገ ብየዳ። ፓናል ባለበት ጣሪያ ላይ ብየዳ ፈጽሞ አይደረግ።

መሀሉ ሮክ ውል የሆነ ፓናል አለ፤ እሱ የድንጋይ ጭረት ስለሆነ አይነድም። ከተገኘና አቅም ከፈቀደ ከሦስቱም አንደኛ የምናደርገው እሱን ነው። ክብደቱ ግን ከፎሙ ብዙ ስለሚበልጥ ተሸካሚው እንደገና ይሰላ። ሻጩ «የማይቃጠል ነው» ካለ ከመሀሉ የጥፍር ያህል ቁራጭ ውጭ ወስዳችሁ፣ ጭሱን ሳትምጉ፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ክብሪት አስጠጉበት። ሮክ ውል ቢቀላ ነው፤ ሌሎቹ ወዲያው ይናገራሉ።

የትኛውም ክዳን ቢመረጥ የክፍሉ በር ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ቢቻል ሁለት ይሁን። መስኮቱ ሁሉ በማይከፈት የብረት ፍርግርግ ተዘግቶ አንድ በር ብቻ ያለው ክፍል ላይ ፎም ጣሪያ መጨመር አደጋን በአደጋ ላይ መከመር ነው።

ከክዳኑ በታች ያለው

ኢጋን በሁኔታ መረጥን ያልነው ለዚህ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ኢጋ ውድ ምጣድ ነው። ገንዘብ ካልበቃ የኢጋውን ውፍረት ሳይሆን የቀለም አጥሩን፣ የበሩን ጌጥ ቀንሱና ኮርኒሱን አስገቡ። ችፑድ በ60 ሳንቲም ርቀት በተመታ ሞራሌ (አግዳሚ እንጨት) ላይ ከተያዘ አይጎብጥም፤ በ90 ከተያዘ በሁለተኛው ዓመት ሆዱ ይወርዳል። ከወለል እስከ ኮርኒስ 3.2 ሜትር ብታደርጉ ለቬንትሌተርም ለሙቀቱም ይበጃል። የቬንትሌተሩ መስቀያ ከተሸካሚው ጋር ይታሰር እንጂ ችፑድ ላይ አይንጠልጠል። ክንፉም ከወለል ከ2.4 ሜትር በታች አይውረድ፤ ዴስክ ላይ የሚቆም ልጅ ሁልጊዜ አለ።

በክዳኑና በኮርኒሱ መሀል ያለው አየር መውጫ ከሌለው ኮርኒሱ ራሱ እየጋለ ይሄዳል። ጥሩው መለኪያ የኮርኒሱን ስፋት ለ150 ማካፈል ነው። 56 ካሬ ሜትር ሲካፈል 0.37 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ይሰጣል፤ ግማሹ ከክፈፉ ሥር፣ ግማሹ በሁለቱ ጫፍ ግድግዳ ላይ ከአናቱ አጠገብ። ወንፊት ሽቦ ሲገጠምለት የአየሩ መንገድ ስለሚጠብ ቀዳዳውን እጥፍ አድርጉት። ወንፊቱን አትተዉት፤ ርግብና የሌሊት ወፍ የገባበት ኮርኒስ ሽታውም ክብደቱም ለክፍሉ ይተርፋል።

እዚያ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሽቦ አቅም የሚጻፈው 30 ዲግሪ አየር ታስቦ ነው። ጣሪያ ውስጥ አየሩ 50 ዲግሪ ሲደርስ ተራው ባለ ፕላስቲክ ሽቦ የሚችለው የተጻፈውን 71 በመቶ ብቻ ነው፤ 20 አምፔር የተባለው 14 ይሆናል። 60 ዲግሪ ላይ ግማሹ ይቀራል። ብሬከሩ 20 ላይ ተቀምጦ ሽቦው ከ14 ጀምሮ ከአቅሙ በላይ ከጋለ ብሬከሩ ምንም አላዳነም። መስመሩን በኮንዲዩት በግድግዳ ማውረድ፣ የሽቦ መገናኛ ሳጥኖቹን (ስካቶላዎቹን) ኮርኒስ ውስጥ አለመቅበር፣ የማይቀረውን መስመር ደግሞ አንድ ደረጃ ወፍራም ማድረግ ነው መፍትሔው።

ፀሐይን ከመስኮት ለማስቀረት የክፍሉ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር። ድሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.6 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስላለች በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። የ90 ሳንቲም ክፈፍ ያን ጊዜ 1.4 ሜትር ያህል ግድግዳ ያጠላል፤ መደበኛ መስኮት ይሸፍናል። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ብትዞርም ከአናት ብዙ ስለማትርቅ ያው ክፈፍ ከበቂ በላይ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ የዞረ መስኮትን ግን ምንም ክፈፍ አያድነውም።

ማሰሪያው

ክፈፉ ጥላ ቢሰጥም ነፋስ የሚይዘው እጀታ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 39 ኪሎ ያህል ግፊት አለው። ቆርቆሮው፣ ሞራሌውና ተሸካሚው ተደምረው ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ አይዘሉም። ክፈፉ ላይ ደግሞ ከላይ መሳብ፣ ከታች መግፋት ይደመራል። ስለዚህ ጣሪያ በክብደቱ አይቀመጥም፤ ታስሮ ነው የሚቀመጠው።

ግድግዳውን ከአናቱ ዙሪያውን የሚያስረው ቶፕ ታይ ቢም ኮንክሪት ሳይሞላ በየተሸካሚው ቦታ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሁለቱም ወገን ይቀበር፤ በኋላ ተሸካሚው ላይ ተጠምዝዞ ይታሰራል። ከሞላ በኋላ «በምስማር እንይዘዋለን» የሚለው መልስ አይሠራም፤ ምስማር የሚገፋውን ይችላል፣ የሚስበውን አይችልም። ሞራሌው 5 በ7 ከሆነ ርቀቱ ከ90 ሳንቲም አይለፍ፤ ክፈፉና አናቱ ጋ ወደ 60 ይጥበብ። በእንጨት ፋንታ ቱቦላሬ ብረት የሚጠቀም ሰው ምስጥ አይፈራም፤ የብየዳው ነጥብ ሁሉ ግን ተፍቆ ጸረ ዝገት ይቀባ።

ብሎኑ ጎማ ያለው፣ ጥርሱ አናት ላይ የሚያርፍ ይሁን። በዳር መስመሮች በእያንዳንዱ ጥርስ፣ በመሀል አንድ እየዘለሉ። ጥርሶቹ በ20 ሳንቲም የሚራራቁ ከሆነ ይህ ክፍል ከ400 ያላነሰ ብሎን ይበላል። 200 ገዝቶ «ተረፈ» የሚል ቆርቆሮ መቺ ጥሩ ዜና አላመጣም። ጎማው ከብሎኑ ራስ ተጨምቆ ከወጣ ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ በጣት ከዞረ አልጠበቀም።

አሸንዳውና ውሃው

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ቁጥሩ ግን ያስገርማል። ድሬ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ጣሪያ ከላይ ሲታይ 9 በ9 ሜትር፣ 81 ካሬ ሜትር ነው። አምስተኛው ቢባክን እንኳ 39 ሺህ ሊትር ይሰበሰባል። ለአንድ ተማሪ በቀን 5 ሊትር፣ ለ50 ተማሪ፣ ለ200 የትምህርት ቀን የሚያስፈልገው 50 ሺህ ሊትር ነው። አንድ ጣሪያ የራሱን ክፍል ውሃ ለመሙላት ሩብ ያህል ብቻ ይጎድለዋል። ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ 155 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ ቀጥሎ ያለው ለእጅ መታጠቢያና ለመጸዳጃ ይበቃል፣ ለመጠጥ ሳይታከም አይሰጥ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ጀበና ውስጥ የሚተወውን ነጭ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው፣ የዝናብ ውሃ ቧንቧና ፍላሽ እንደማይደፍን ይረዳል።

በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚያህል ዶፍ ሲመጣ ከአንዱ ክንፍ በሰከንድ ከ1 ሊትር በላይ ይወርዳል። 15 ሳንቲም ስፋት ያለው አሸንዳ፣ በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲም እየወረደ፣ በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከተለቀቀ ይችለዋል። ቱቦው ግን መሠረቱ ሥር አሸዋ ላይ አይጣል፤ በተነጠፈ ቦይ ይውጣ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ውሃ የት እንደሚሄድ ሳትጠይቅ ጣሪያ አትሠራም።

ርክክብ ላይ

ለኢጋው ያስቀመጥነው ውጤት በነጭ ወይም ክሬም ቀለም፣ ያለ ሽፋን 0.4 ሚሊ ሜትር ብረት፣ ከኮርኒስና ከአየር መውጫ ጋር ከሆነ ከ10 ስምንት ነው። ኮርኒስ ከሌለው ወደ አራት ይወርዳል፤ ከተራው ቆርቆሮ የሚለየው በመልኩና በመደራረቡ ብቻ ይሆናል። ፎሙ ያልታወቀ ሳንድዊች ፓናል ለመማሪያ ክፍል ነጥብ አይሰጠውም።

ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ቀትር ላይ ክፍሉ ውስጥ ግቡ፤ በርና መስኮት ዝጉና ወደ ላይ እዩ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ያኔ እንደ ኮከብ ይታያል። በኖራ ምልክት አድርጉበት። የተሳሳተ ቀዳዳ በማስቲሽ ብቻ አይደፈን፤ ማስቲሹ በድሬ ፀሐይ ሁለት ዓመት አይቆይም። ወፈር ያለ ብሎን ከነጎማው ይግባበት። ከዚያ በውሃ ጎማ ከክፈፉ ጀምሮ ወደ አናት እየወጣችሁ አርሱት፤ ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርስ የሚያፈሰው የትኛው መስመር እንደሆነ አይለይም። ከክፍያው ላይ የሚያዘው መጠባበቂያ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ አይለቀቅ። መስከረም ላይ ብሎኖቹ አንድ ጊዜ በእጅ ቁልፍ ይጠበቁ፤ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲዘረጋና ሲሰበስብ ከርሞ ብሎኖቹን የሚያላላቸው በመጀመሪያው ዓመት ነው።